መጀመሪያ ሌንሱ

ፎቶ አንሺዋና የባሏ ታናሽ ወንድም ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከሩ ከረሙ። አቅማቸው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ወይ አዲስ ካሜራ፣ ወይ አዲስ ሌንስ። እሱ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ልቡ ያለው ካሜራው ላይ ነው።

«እትዬ፣ ደንበኛ የሚያየው ካሜራውን ነው። ይሄን ይዘሽ ስትወጪ እኮ ‹ከየትኛው ሙዚየም አመጣችው?› ነው የሚሉት።»

«እስቲ ላስብበት» ትለዋለች። ያልነገረችው ነገር ግን ነበር።

ባሏ ሲሞት የካሜራውን ቦርሳ ዘግታ፣ እርጥበት ከሚመታው ግድግዳ ጋር የተጠጋው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ዓመት ሙሉ ልክፈተው ብትልም እጇ አልታዘዛት አለ። ወደ ሥራ ስትመለስ ፎቶዎቿ ሁሉ ደብዘዝ እያሉ ይወጡ ጀመር። አንድ ቀን ሌንሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብታየው፣ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሻጋታ አድርቶበታል። በዚያው ቀን ጡረታ የወጡ አንድ አናጢ ከባለቤታቸው ጋር የተነሱትን ፎቶ ሊወስዱ መጡ፤ እሱም ደብዝዞ ነበር። ሌንሱ ሻግቷል ብትል፣ እንዴት ሻገተ ትባላለች። ስለዚህ የአናጢውን የሚንቀጠቀጥ እጅ አየት አድርጋ፣ «ተንቀሳቅሰዋል» አለቻቸው።

ይሄ ከሆነ ሦስት ወሩ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጡ።

«ዛሬ ንቅንቅ አይልም!» አሉ ሚስትየዋ ገና በሩ ላይ። «የአርባ ዓመት ትዳራችንን ፎቶ አበላሽቶብኝ፣ ስነዘንዘው ነው የከረምኩት።»

«ቤት ስለማመድ ነበር፣ ልጄ» አሉ አናጢው። «እኔ ወንበር ላይ ድርቅ እላለሁ፣ እሷ እስከ መቶ ትቆጥራለች።»

«ሰማንያ ላይ ሲደርስ ያስነጥሰዋል!»

አናጢው ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተጫኑት። ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ሌንሱን ትክ ብለው አዩት።

ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን አነሳች። መልሳ አወረደችው።

«አባባ፣ ይተንፍሱ።»

«አነሳሽን?»

«አላነሳሁም። ያን ጊዜም አልተንቀሳቀሱም። ሌንሱ ነው፣ ውስጡ ሻግቷል። እያወቅኩ ነው በእርስዎ ያላከክሁት።»

አናጢው እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አወጡት። ጉልበታቸው ላይ እንደልቡ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ሰማሽ?» አሉ፣ ወደ ሚስታቸው ሳይዞሩ።

«ሰማሁ።»

«ሰው ፊት እኮ ነው ያሳቅሽብኝ።»

«አላወቅኩማ!» ሚስትየዋ ቦርሳቸውን ከፈት ዘጋ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን በደልንሽ?»

ስለ ቁም ሣጥኑ ልትናገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ሐዘኗን ማመካኛ ማድረግ ሌላ ውሸት መሰላት።

«ዛሬስ አልነሳም» አሉ አናጢው ከወንበሩ እየተነሱ። «ሲስተካከል ጥሪን።» ሚስትየዋ በሩ ድረስ ክንዳቸውን ይዘው ወጡ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቪዲዮ ሲቆራርጥ የነበረው የባሏ ወንድም ብቅ አለ።

«ምን ነካሽ እትዬ? ሌንሱን ዝም ብለሽ ብትቀይሪው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ሌንሱን ነው የምንገዛው።»

«ካሜራውስ?»

«እሱ ይቆይ። እሱ ምንም አላጠፋም።»

የደንበኞቹን መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ተንቀሳቅሳችኋል ያለቻቸው አናጢውን ብቻ አልነበረም። ጣቷ የአንዲት እናት ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ፎቷቸውን ሊወስዱ የመጡ ቀን የሴትዮዋ ትንሽ ልጅ፣ ለምን ተወራጨሽ ተብላ እዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ ተቆንጥጣ አልቅሳ ነበር። ስልኩን አንስታ ደወለች።

«ሄሎ፣ ከፎቶ ቤቱ ነኝ» አለች። «ልጅቷ አለች? እሷን ነበር የፈለግኩት።»