ማደንዘዣው ሲለቅ

"ኧረ ምንም አላመመኝም፤ ተመለሺ በቃ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ከታክሲ እየወረደች። የምታነጋግረው የባሏን እህት ነው። እህትየዋ ሽባ የሆኑትን እናቷን፣ የሰፊዋን አማት፣ እያነሳች እያስቀመጠች ጥቂት ቀን ልትከርም ልብሷን ሸክፋ መንገድ ጀምራ ነበር። ብዙም አላስለመነችም፤ ከነሻንጣዋ ወደ ቤቷ ዞረች።

እውነትም አላመማትም። ጠዋት የሐሞት ከረጢቷን በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እያዩ አውጥተውላት፣ ሲጨርሱ ቁስሎቹ ዙሪያ ማደንዘዣ ወግተውላታል። ነርሷ ስታሰናብታት ሕመሙ ተኛ እንጂ አልሄደም፣ ሳይነቃ ክኒኑን ዋጪ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብላ ደጋግማ ነግራታለች። ሰፊዋ እሺ አለች። እሺ ማለት ለሷ እንደ መተንፈስ ነው።

በዚያ ቤት ሕመም የሚለካው በማቃሰት ነው። ባሏ መካኒኩ ጉንፋን ሲይዘው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እሷ ግን "ዝም አይነቅዝም" ተብላ ያደገች ናት፤ ይህን የተረተ ሰው መቼም ሆዱን ተቀዶ አያውቅም። ባሏ ቀጥ ብላ ስትራመድ አየና ተመስገን ብሎ ወደ ጋራዡ ሄደ። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ላላመማት ነገር ምን ያስውጣታል? እኩለ ቀን ላይም እንደ ወትሮው አማቷን ከአልጋ አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ቆይታም መልሳ አስተኛቻቸው። አንዳች አልተሰማትም። እንዲያውም ኮራች።

ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ቀኝ ትከሻዋን ወጋት፤ ሐኪሞቹ ሆዷን የነፉበት አየር ነው። ቀጥሎ እምብርቷ አካባቢ እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር። ክኒኑን አውጥታ ዋጠች፤ ግን ሕመሙ ቀድሟታል። ሶፋው ላይ ተኮራምታ የአማቷን ጥሪ ትጠብቅ ጀመር። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይጠሯታል፣ አቅፋ ሽንት ቤት ታደርሳቸዋለች። ዛሬ እንዴት አድርጋ እንደምታነሳቸው ጨነቃት። አማቷ ግን አልተጣሩም።

አመሻሽ ላይ ባሏ ከጋራዡ ገብቶ እጁን በሳሙና ሲፈትግ፣ ግድግዳ ይዛ ተነሳችና ወደ አማቷ ክፍል ገባች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። አንሶላው እስከ ጠርዙ ርሷል።

"ለምን አልጠሩኝም፣ እማማ?"

"ቀን ስታነሺኝ ቀሚስሽ ላይ ደም አየሁ፤ አንቺ አላወቅሽውም" አሉ ሳይዞሩ። "የተያዘው እግሬ ነው፣ ልጄ፤ ዓይኔ አይደለም።"

ሰፊዋ ቀሚሷን አየች። ሆዷ ላይ ሳንቲም የምታህል ደም ደርቃለች። እንባዋ መጣ። እኚህ ምላሳቸው የማይቻል ሴትዮ ለሷ ሲሉ እዚያው እርጥቡ ላይ ውለዋል።

ባሏ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ወንድ ልጅ የእናቱን ገላ አያይም፤ ማንም ያወጀው ነገር አይደለም፣ ግን እናቱ ከታመሙ ጀምሮ እንዲሁ ነው የኖረው።

"እስክትጨርሺ ደጅ ልቀመጥ" አለ። "ትችያለሽ አይደል?"

እሺ የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደረሰ።

"አመመኝ" አለች።

ዞሮ አያት፤ ደሙንም አየ። እሷ አልጋው አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ለእህትህ ደውልላት፣ ትምጣ። እስክትደርስ ግን አንተ ነህ። ደረቁን ብርድ ልብስ ከላይ አልብሳቸው፣ ከዚያ እርጥቡን ከሥር ሳብ። ምንም አታይም።"

"እኔ እኮ አልችልበትም።"

"ሞተር ስታወርድ እንዴት ነው የምታደርገው?"

"ቀስ ብዬ።"

"እንደሱ ነዋ።"

እናቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ እጁን ከትከሻቸው ሥር አስገባ። ሲያዞራቸው ፍራሹ ዳር ደረሱና አሮጊቷ "ወይኔ" አሉ። የሰፊዋ እግር በራሱ ሊነሳ ቃጣው። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ሳትነሳ ቀረች።