አምፖሏና ወፍጮዬ

ወፍጮዬን ሊያሽጉ ቀን ቆርጠው ሲነግሩኝ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔንም ልጄን ሳቢሃንም ያኖረን ይህ የናፍጣ ወፍጮ ነው። ከጅጋ ወረድ ብላ ባለችው መንደራችን ሌላ ወፍጮ የለም።

ጥፋቱ መንቀጥቀጡ ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ አልጣሽ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ወፍጮዬን የሚሰሙት በጀርባቸው ነው። መደባቸው ላይ ደገፍ ብለው ሲቀመጡ ግድግዳው ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ልስኑም እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ከሰሱኝ ብዬ አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን እከስ ነበር።

ከወረዳው ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ክንዱ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚያውቀው መድኃኒት ማጥበቅና መቀነስ ብቻ ነው። ብሎኑን አጥብቁ አለ፣ አጠበቅን። ፍጥነቱን ቀንሱ አለ፣ ቀነስን፤ ዱቄቱ እንደ ቅንጬ እየሻከረ ወጣና ደንበኛዬ ሁሉ እህሉን ጭኖ ጅጋ ሄደ። ወደ ድሮው ፍጥነት ስመልሰው መንቀጥቀጡም ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የቀረው ማሸግ ነው ተባልኩ።

ሳቢሃ ቡሬ ከተማ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። ስነግራት በማግስቱ መጣች። ስልኳን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ንዝረቱን መዘገበች፤ ወፍጮው ጠፍቶ ሳለም መሠረቱን በግንድ እየመታች ደግማ መዘገበች። ከዚያ ስታሰላ ዋለች። በመጨረሻ የሽቦ ጥቅል፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ማዞሪያና አንዲት ትንሽ አምፖል ጠረጴዛ ላይ አገናኝታ ጠራችኝ።

«ይሄ ወፍጮሽ ነው» አለችኝ።

ሳቅሁባት። እሷ ግን ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ማዞሪያውን ቀስ እያለች አዞረች። አምፖሏ ፈካች፤ ጭራሽ ቦግ አለች፤ ማዞሪያው አልፎ ሲሄድ ደግሞ ደበዘዘች። የአምፖሏም የወፍጮውም ስሌት አንድ ነው አለችኝ፤ ሁለቱም የሚያሳብዳቸው አንድ ፍጥነት አላቸው። እኛ ያለነው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለን ነው። መቀነስ ካልቻልን አልፈነው መሄድ ነው። ሞተሩም ድንጋዩም ፍጥነቱን እንደሚችሉት አጣርታለች።

«መጀመሪያ ግን ይብሳል፣ እማ» አለችኝ። «ሲብስ ያጠፋሽው እንደሆነ አለቀልን።»

ክንዱ ሊያሽግ በመጣበት ቀን ይህንኑ ነገረችው። እሱም እንደ እኔ ሳቀባት። አንቺ የመብራት ሰው ነሽ፣ ይህ ግን የመካኒክ ሥራ ነው አላት፤ የሚንቀጠቀጥን ነገር ማፍጠን ቤት ማፍረስ ነውም አለ። ስሌቱ ለሁሉም አንድ ነው ብትለውም አልሰማትም። እኔ የክርክሩን ማለቂያ አልጠበቅሁም። እትዬ አልጣሽን ሄጄ፣ መንቀጥቀጡ ሊብስ ነውና ለጊዜው ከቤት ይውጡ ብዬ ለመንኳቸው፤ ከገዛ ቤቴ የትም አልሄድም ብለው ግድግዳቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ተመልሼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ በቆሎ ጨመርኩና ነዳጅ መስጫውን ገፋሁ።

ወለሉ ከእግሬ ሥር ዘለለ። ቆርቆሮው ተንጫጫ፤ ከማገሩ አቧራ ረገፈ። አምፖሏ ቦግ ስትል ትዝ አለችኝ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ክንዱ አጥፉት እያለ እጁን ወደ ነዳጅ መስጫው ሰደደ። እስከዚያ ቀን አንቱ እያልኩ ያከበርኩትን ሰው በክርኔ ገፋሁት።

«እጅህን ሰብስብ» አልኩት። «ገና አልታሸገም።»

ደግሞ ገፋሁት፤ ነዳጅ መስጫውን ማለቴ ነው።

ወፍጮው አንዴ ተንገራገጨና መንቀጥቀጡ ለቀቀው። ሞተሩ ከቀድሞው ብሶ ይጮሃል፤ ወለሉ ግን ጸጥ አለ። ዱቄቱ ልሞ እየወረደ ነው። ክንዱ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ አነሳ፤ እንደገና አሳረፈ።

ያኔ እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ከቤታቸው ወጡ። ከደጅ ሆነው፣ ቅር እንዳላቸው በሚያስታውቅ ድምፅ ጠሩኝ።

«ምነው አሪፋ፣ ፈርተሽ አጠፋሽው?»

ወጥቼ ጆሯቸው ሥር ተጠጋሁና ክንዱም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «አላጠፋሁትም እትዬ፤ ጨመርኩበት እንጂ» አልኳቸው።