ዳኛው ያሉት ውሻ

አበባው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ስለሚያመላልስ፣ መርሳ ያለው ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ሚስቱ ሸዋዬ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ አምና ከሐራ ከተማ አንድ ቡችላ አምጥቶላት ነበር። ስሙን መከታ አለው። ቡችላው አድጎ ደረተ ሰፊ፣ ግርማው የሚያስፈራ ውሻ ወጣው።

አንድ ቅዳሜ ከመንገድ ገብቶ አረፍ እንዳለ፣ መከታን በሰንሰለት ይዞ ከሰፈሩ በታች ወዳለው መናፈሻ ወረደ። የሰፈሩ ወጣቶች ምንጩን ገድበው ኩሬ ያበጁበት፣ ዛፍ የተከሉበት ቦታ ነው። ውሻ ይዞ መግባት እንደሚቻል ቢሰማም እሱ ግን ረግጦት አያውቅም። መከታ ግን መንገዱን ያውቀዋል፤ እየጎተተ ቀደመው።

በሩ ላይ የተቀመጠችው ጠባቂ፣ "ዳኛው መጣ" አለች።

"ማነው ዳኛው?"

"ውሻው ነዋ።"

"የዚህ ስም መከታ ነው።"

ሴትዮዋ አየት አደረገችውና በሩን ከፈተችለት።

ከኩሬው ዳር የማንጎ ችግኝ እያጠጣ የሚሸጥ አንድ መልከ መልካም ወጣት ነበር። መከታ ገና ሲያየው ሰንሰለቱን ከአበባው እጅ መንጭቆ ሮጠና ሁለት እግሩን ደረቱ ላይ ሰቀለ። አጥሩን ጎረቤት እንኳ የማያስጠጋ ውሻ የሰውየውን አገጭ ይልስ ጀመር። አበባው ተጠጋው።

"ከየት ታውቀዋለህ?"

ኤርሚያስ ይባላል ወጣቱ። ማጠጫውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። "እዚህ ይመጣል፣ ጋሼ።"

"ማን ያመጣዋል?"

"ባለቤትዎን ቢጠይቋቸው ይሻላል። አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።"

አበባው ውሻውን እየጎተተ ተመለሰ። ሸዋዬን ግን አልጠየቃትም። ራቱን በላ፣ ስለ መንገዱም አወጋት፤ በውስጡ ግን ያለፈውን ያሰላስል ነበር። ከመንገድ ሲደውልላት የውሻ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም። "ልትገባ ስትል፣ ሲሪንቃ ስትደርስ ደውልልኝ" ማለቷስ? ምግብ ልታሞቅለት ይመስለው ነበር። ለካ የሚመጣበትን ሰዓት የምትፈልገው ለሌላ ነገር ኖሯል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አለ በልቡ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ "ኩሬው ጋ ወርደን እንናፈስ" አላት።

"ዛሬ?" አለች ሸዋዬ።

"ምነው፣ የምታፍሪው ሰው አለ?"

አበባው ቤት ገብቶ ውሻውን ፈታው። እሱ ውሻውን ይዞ ሲሄድ እሷ የመንገዱን ማዶ ይዛ ሄደች። ከእሱ መራቋ ነው ብሎ ይህንንም በልቡ ያዘው። ኩሬው ጋ ሲደርሱ ኤርሚያስ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። አበባው ሁለቱንም አየ።

"እስቲ ያዥልኝ" ብሎ ድንገት ሰንሰለቱን እጇ ላይ ጣለላት።

ሰንሰለቱን መሬት ጣለችው። ከኩሬው ውሃ ሲጠጣ የነበረው መከታ መጥቶ እርጥብ አፍንጫውን ቀሚሷ ላይ ሲያሳርፍ ሸዋዬ ደርቃ ቀረች፤ ከንፈሯ አመድ መሰለ። ኤርሚያስ ሮጦ ውሻውን ከላይዋ ወሰደው።

"ምንድን ነው በመካከላችሁ ያለው?" አለ አበባው።

ሸዋዬ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቃት።

"በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ አንተ ማዶ ቀረህ" አለች። "እኔ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ጓዳ ተደብቄ ሰነበትኩ። ተኩሱ በረድ ሲል ውሃ ፍለጋ ወጣሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰው ወድቋል። ውሾች ከበው ይልሱታል። ማን እንደሆነ እንኳ ፊቱ አይለይም ነበር።" ቀሚሷ ላይ ያረፈውን እርጥበት ጠረገች። "ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲልስ ማየት አልችልም። አንተ ስትሄድ ይህ ልጅ ይወስድልኛል። ልትመጣ ስትል ያመጣልኛል። ዳኛው ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው።"

"ምነው ያን ጊዜ አልነገርሽኝ?"

"ለእኔ ብለህ ነዋ ያመጣኸው። ደስ ብሎህ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

አበባው አጠገቧ ተቀመጠ። ስለዚያ ጊዜ "ተርፈናል፣ ተመስገን" ከማለት በቀር ነግራው አታውቅም፤ እሱም አጥብቆ አልጠየቃትም ነበር። ኤርሚያስን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

"ወንድሜ፣ ውሻው ከአንተው ጋር ይሁን" አለው።

"እሺ ጋሼ።"

ሸዋዬ የባሏን ፊት ስትመረምር ቆየች። "ትናንት ማታ ፊትህን አዙረህ የተኛኸው፣ ምን መስሎህ ነው?"

"ምንም" አለ።

"ምንም?"

"ደክሞኝ ነው።"

አላመነችውም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ወደ በሩ አመራች፤ እሱም ጠርጥሯት እንደነበር ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ ተከተላት።