አምስት ክር በእጅጌ ውስጥ

ልጄ ሠላሳ ዓመት መብራት ሲዘረጋ ኖሯል። ሰፈሩ «ካቻቪቴ» ይለዋል፤ ቀጭን ስለሆነና ካቻቪቴ ከኪሱ ስለማይጠፋ። ለእጁ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ከእጁ ሳይሆን ከወረቀት ነበር።

አዲስ ሕግ መጣና የመስመር ዝርጋታ ደንብ ፈተና ያላለፈ ሁሉ በራሱ ስም ሥራ አይቀበልም ተባለ። ሦስት ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ዝግ ነው። ልጄ ሁለቴ ወድቋል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ! ሦስተኛውንም ከወደቀ፣ ትናንት ሥራ ካሳያቸው ሰዎች ኋላ ገመድ እየጎተተ መኖር ነው ዕጣው።

ስለዚህ በየእሑዱ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ እሰፋለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ጆሮዬ ግን አንዴ የያዘውን አይለቅም። አባቱም የመብራት ሠራተኛ ነበር። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ እየጮኸ ነው ያጠናው፣ እኔም እንዲሁ እየሰፋሁ ነው በጆሮዬ የያዝኩት። ከአምስቱ ሽቦ የሚነዝሩት ሦስቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ ኃይሉ የሚመለስበት፣ ተመላሹ፣ ጥቁር፤ የመሬቱ አረንጓዴ። ባሌ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ዛሬም በእንቅልፌ እወጣዋለሁ።

አንድ እሑድ ልጄ ሲያነብ ሰማሁት። «የሚነዝሩት ቡኒ፣ ጥቁርና ግራጫ። ተመላሹ ሰማያዊ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። «ጥቁር ይነዝራል ነው የምትለኝ?»

«አዎ እማዬ።»

«አባትህ ጥቁር ተመላሽ ነው እንዳለ ነው የሞተው።»

«ያኔ ነዋ! ደንቡ ተቀየረ። ጥቁርና ሰማያዊ ቦታ ተለዋወጡ።»

«ጥቁር ምን በድሎ?»

ሳቀ። ልብስ ስታጥፍ የነበረችው ምራቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይሄ ልጅ ሁለቴ የወደቀው ለካ ያነበበው ሳይገባው ነው፣ አልኩ በሆዴ።

«የሚያስፈራኝም ይሄው ነው» አለ። «የምሠራባቸው ቤቶች ሁሉ አሮጌ ናቸው። ጥቁር ሳይ እጄ ራሱ ወደ ተመላሹ ቦታ ይሄዳል። ጭንቅላቴ ቢያውቅም እጄ አያውቅም።»

«እንግዲያው ክር ላድርግልህ። ከጃኬትህ እጅጌ ውስጥ፣ ገበሩ ላይ፣ አምስት ስፌት፣ እንደየሽቦው ቀለም። ከጠፋብህ ገልበጥ አድርገህ ታያለህ።»

«ኩረጃ አይሆንም?»

«ገበር የሚፈትሽ ፈታኝ ካለ ልብስ ሰፊ ይሁን።»

ተራውን በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ፤ «ቡኒ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፤ ትንሽ ራቅ አድርጊና ሰማያዊ፤ በመጨረሻ የመሬቱ፣ አረንጓዴ ከቢጫ ጋር።»

በማግስቱ ጠዋት መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ቡኒውን ሰፋሁ። ጥቁሩን መርፌ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ባሌ ያወቀውን፣ እኔ አርባ ዓመት የያዝኩትን፣ ሁለቴ የወደቀ ሰው ሊያርመው? ጥቁሩን አወጣሁና ሰማያዊ ሰፋሁ። በሰማያዊው ቦታ ደግሞ ጥቁር። ማንም አላዘዘኝም። ልጄን ከስሕተት ያወጣሁት መስሎኝ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

የፈተናው ዕለት ገልብጦ እንኳ አላየውም። የእኔን መርፌ አምኖ ለበሰው።

ረፋዱ ላይ ደወለ። «እማዬ፣ የወረቀቱን አለፍኩ! የቀረኝ የእጅ ሥራ ነው።» የእጅ ሥራማ የእሱ አይደል? ቤቱ ጠበበኝ።

ከሰዓት ሲመለስ፣ ገና በር ላይ፣ ትከሻውን አይቼ አወቅኩ። ቁጭ ብሎ ነገረን። ግድግዳ ላይ ባዶ ሳጥን፣ አምስት ሽቦ ያለው ገመድ፣ ከኋላው ሰዓት የያዘ ፈታኝ። ቡኒውን አሠረ። ቀጥሎ እጁ ጥቁሩን ይዞ ወደ ተመላሹ ሄደ። እዚህ ላይ ቆመ፤ እጁን ጠረጠረው። እጅጌውን ገልበጥ አደረገ። ክሩም እጁ ያለውን አለ። ደስ ብሎት አሠረው።

ፈታኙ መለኪያውን አስጠግቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄን መብራት ብንለቅበት ሳጥኑ ፊትዎ ላይ ይፈነዳ ነበር» ብሎት ወረቀቱን አጠፈ። አለቀ።

ልጄ ጃኬቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እጅጌው እንደተገለበጠ።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማዬ» አለ። «ስነግርሽ አቀያይሬ ነግሬሻለሁ። ጭንቅላቴ አልቋል ማለት ነው።»

ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ። ለሰባ ስምንት ዓመት ለማንም ያልተመለሰው አፌ «በል ብላ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለ።

ጓዳ ስገባ ተከተለችኝ።

«እትዬ፣ አይነግሩትም?»

«ምኑን?»

«በትክክል ነው የነገረዎት። ልብስ ሳጥፍ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መብራት ያወቅሽው?»

ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ ብላኝ አታውቅም፤ ስትፈልገኝ «ይሰማሉ?» ትላለች።

ብነግረው ምን ይመለሳል፣ አራተኛ ፈተና እንደሆነ የለም፣ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ውሸቴን ነው። ፈቃዱ ባይመለስ ጭንቅላቱ ይመለስለት ነበር። የነፈግኩት ይህንኑ ነው። በየቀኑ ጠዋት እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ፊቱን ሳይ «ቁርስህን ብላ» እላለሁ።

አሁን ገመድ ይጎትታል። የሥራ ነገር ሲጠይቁት «እኔን አትጠይቁኝ» ይላል። በር ቆልፎ ሦስቴ ተመልሶ ያየዋል። ካቻቪቴው ኪሱ ውስጥ የለም፤ ስሙ ብቻ ቀረበት።

ባለፈው ሳምንት የክፍሌ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። አባቱ የዘረጋው መስመር ነው።

«አየት አድርግልኝ እስቲ» አልኩት።

ቆጣሪውን አጠፋ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ክዳኑን ፈታ። ቀይና ጥቁር። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያሥረው ነበር። ሽቦዎቹን ብዙ አያቸው። ከዚያ ሳይነካቸው ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ወረደ።

«የሚያውቅ ሰው ጥሪ፣ እማዬ።»

አፌን ከፈትኩ።

«እሺ» አልኩት።