ተመቺው ይሸሻል

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ድሮ የጎማ መጋዘን በነበረው አዳራሽ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ መዶሻ፣ ታናሽ ወንድሙ ጆንያ፣ እንግዳቸው ግስላውና የግስላው ካሜራ ያዥ። ሌላው ሕዝብ ሁሉ ገና ስልክ ውስጥ ነበር።

ጆንያ ተንበርክኮ ምንጣፉን ያስተካክላል። ከምንጣፉ ሥር አሮጌ የስፖንጅ ፍራሾች ተነጥፈዋል። የትኛው የት ላይ እንደሳሳ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሚወድቀው እሱ ነውና። ቅጽል ስሙንም ያገኘው በአወዳደቁ ነው። ሌላ ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፤ እሱ ግን ከጭነት መኪና ላይ እንደተገፋ ጆንያ ዱብ ይላል። ተመልካች የሚስቀው እዚያ ላይ ነው። ግድግዳው እስከ ሰው ቁመት ድረስ ብቻ ጥቁር ተቀብቷል፤ ካሜራው ከዚያ በላይ ስለማያይ ቀለም ማባከን አላስፈለገም። ከዚያ በላይ ያለው የድሮው ግድግዳ ነው፤ የጎማ ሽታውም አልለቀቀውም።

ወንድማማቾቹ «መዶሻና ጆንያ» በሚል ገጽ የውሸት ጠብ እየቀረጹ ይለቃሉ። ታላቁ ይመታል፣ ታናሹ ይወድቃል። አንድ ቀን በታክሲ ወረፋ፣ አንድ ቀን በትራስ፣ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ሪሞት ይጣላሉ። ተከታያቸው ግን ዘመድ፣ የሰፈር ልጅና የዘመድ ጓደኛ ሆኖ ቀረ።

«ጉድጓድ ውስጥ ሆነን ነው የምንጮኸው» ይል ነበር መዶሻ። «ከላይ ያለ ሰው እጁን ካልሰጠን ማን ይሰማናል?»

ከላይ ያለው ሰው ግስላው ነበር። ግስላው የለቀቀው ነገር ሁሉ ሳይመሽ በየሰዉ ስልክ ይገባል። መዶሻ ስንት ጊዜ እንደጻፈለት እሱ ራሱ አያውቀውም። አንድ ማለዳ ግን መልስ መጣ፦ «ሥራችሁን አየሁት፤ አሳቃችሁኝ። ቅዳሜ በሁለታችንም ገጽ ባንዴ ላይቭ እንግባ።» መዶሻ ያን ዕለት ታናሹን እንደ ሕፃን ተሸክሞ ግቢውን ዞረ።

ጆንያ በወንድሙ ጀርባ ላይ ሆኖ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣ። የመዶሻ ቀኝ ዓይን ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ግራውም ባለፈው ዓመት ከውስጥ ተቀዶ በስንት መከራ ነው የተጠገነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ «ከእንግዲህ አንድ ምት ካገኘው ወደ እኔ አትምጡ፤ የምሠራው ነገር አይኖርም» ብሏቸዋል። ለሚያየው ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው። መዶሻም እንዲታወቅበት አይፈልግም። ከሐኪም ቤት በተመለሱ ዕለት እናታቸው ታናሹን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ብለው አይሰማኝም። አንተ ትሰማኛለህ። ዓይኑን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፣ ልጄ።»

እሱም እሺ አለ።

አሠራራቸውም ከዚያው ከዓይኑ የመጣ ነው። በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ርቀት ይሳሳታል፤ መዶሻ ውኃ ሲቀዳ እንኳ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛውን ያጠጣል። ቡጢውን ፊት አጠገብ ላቁም ቢል፣ ወይ ክንድ ሙሉ ይቀረዋል ወይ ያርፋል። ስለዚህ በእነሱ ቤት መቺው አያቆምም፣ ተመቺው ይሸሻል። መዶሻ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሰነዝራል፤ ጆንያ በመጨረሻዋ ቅጽበት ራሱን ወደ ኋላ ይጥልና ጭኑን በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። ተመልካች የቡጢ ድምፅ የሚመስለው ያንን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቡጢ አርፎበት አያውቅም።

ግስላው ትንሽ ቀደም ብሎ ሲገባ በሩ የጠበበው መስሎ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። መዶሻን አቅፎ ጀርባውን መታ መታ አደረገና ወደ ታናሹ ዞረ።

«ጆንያው አንተ ነህ? እህል አለህ ወይስ ባዶህን ነው?»

«እስከ ወገቤ አለኝ» አለ ጆንያ አንገቱን ደፍቶ።

ግስላው ከልቡ ሳቀ። «ይሄ ልጅ ተመችቶኛል! በሉ፣ እንዴት ነው የምትሠሩት?»

«እኔ እሰነዝራለሁ፣ አንተ ትወድቃለህ» አለ መዶሻ። «ከዚያ አንተ ትነሣና ጆንያን ትጥለዋለህ። እኔ እሸሻለሁ፤ አለቀ።»

«እኛም እንደዚሁ ነን። ቀላል ነው።»

ሁለቱም ሌላ አልጠየቁም። ለየብቻቸው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥራ ሁሉ በዓለም ላይ እነሱ ቤት እንደሚሠራው የሚሠራ ይመስላቸዋል። በግስላው ቤት ግን የሚያቆመው መቺው ነው። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ቡጢያቸውን አፍንጫ ጫፍ ላይ ያቆማሉ፤ ተመቺው ሳይነቃነቅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ድምፁም በኋላ ይገባለታል። ድፍረቱም እዚያ ላይ ነው።

ቀስ ብለው ተለማመዱ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ቡጢ ማንም ያቆመዋል፤ መዶሻም አቆመው። ጆንያ ግን የግስላውን አንገት ያይ ነበር። ቡጢው ሲደርስበት አንገቱ ንቅንቅ አላለም። ወንድሙን በክንዱ ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ንገረው።»

«ምኑን?»

«ራሱን እንዲያሸሽ። ዝም ብሎ እኮ ነው የሚቆመው።»

«ለምን ሲለኝ ምን ልበለው? ዕውር ነኝ ልበለው? አሁን ጥሎን ይሂድ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ አቆማለሁ።»

«አቁመህ አታውቅም።»

«ዛሬ አቆማለሁ አልኩህ! ስለ ዓይኔ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ ወንድሜ አይደለህም።»

ጆንያ ወደ ግስላው ሄዶ እሱ ራሱ ሊነግረው ፈለገ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ግስላው ቀና ብሎ ፈገግ ሲልለት ምንጣፉን ወደ ማስተካከል ተመለሰ።

ካሜራ ያዡ ስልኩን ከፍ አድርጎ በጣቱ ምልክት ሰጠ።

«ቤተሰብ!» አለ ግስላው እጁን ዘርግቶ። «እንዴት ናችሁ? ዛሬ አዲስ ወንድሞች አግኝቻለሁ። ሕጋችንን ታውቃላችሁ፤ የወደቀ አይመታም! የቆመ ግን የራሱ ጉዳይ ነው!»

የሰዉ ብዛት ከስክሪኑ ጥግ ላይ እንደ ሙላት ውኃ ይወጣ ጀመር። መዶሻ ቁጥሩን በጨረፍታ አይቶ ፊቱ በራ። ጆንያ ወንድሙን እንዲህ ሆኖ ያየው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ አልቻለም። ጥቂት ተሰዳደቡ፣ ተገፋፉ፤ ኮሜንቱ ይንጋጋል። ከዚያ መዶሻ ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ።

ግስላው ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ሰጥቶ ቆመ። የሚቆም ቡጢ እየጠበቀ ነበር። መዶሻ ደግሞ የሚሸሽ ራስ ጠበቀ። አቆማለሁ ያለው እጁ የለመደውን አደረገ።

የወጣው ድምፅ የጭን ድምፅ አልነበረም። ደረቅ ጭራሮ በጉልበት ሲሰበር ይመስል ነበር። ግስላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ቆመ፤ እጁን ወደ ፊቱ ወሰደ፤ አፍንጫው ባለበት አልነበረም። ደሙ በጣቶቹ መሃል አልፎ በነጭ ከነቴራው ላይ ወረደ።

ካሜራ ያዡ ሳቀ። «የደሙን ከረጢት የት ነው የደበቃችሁት?» አለና ስልኩን አስጠጋ። ኮሜንቱም እንዲያው ነበር፤ ሜካፑን የሚያደንቅ፣ ቀለሙ ቀጥኗል የሚል።

ግስላው ደሙን አየው። ከዚያ መዶሻን በኮሌታው አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ከላይኛው ግድግዳ የኖራ ፍርፋሪ በራሳቸው ላይ ዘነበ። ጆንያ መሃላቸው ሲገባ ክርን አፉ ላይ አረፈበት፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ የራሱን ደም ዋጠ። ግን ክንዱን አልለቀቀም፤ ተንጠለጠለበት።

«ሳላውቅ ነው!» አለ መዶሻ ትንፋሽ እያጠረው። «በእናቴ፣ ሳላውቅ ነው!»

ግስላው ለቀቀው። የረጋ ግን አልመሰለም። ደሙን በክንዱ ጠርጎ ወደ ስልኩ ዞረ፤ ድምፁ ተደፍኖ ከጉሮሮው ነበር የሚወጣው።

«ቤተሰብ! እኔን መትቶ ሳይመታ የሄደ ሰው አለ?»

«የለም ይላሉ» አለ ካሜራ ያዡ እያነበበ። አሁን እሱም መሳቁን ትቷል። «'ይመለስለት' ይላሉ። ቁጥሩ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም።»

«እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ቁም» አለ ግስላው መዶሻን። «አንድ ነው የምመታህ። እውነተኛ። ከዚያ እኩል ነን፤ ወንድምነታችንም ይቀጥላል።»

መዶሻ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ስልኩ አየ፤ ከዚያ ወደ ግስላው አፍንጫ። «እሺ» አለ።

«እኔን ምታኝ!» ጆንያ ጮኸ። ያን ያህል ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር። «እዚህ ቤት የምመታው እኔ ነኝ!»

«አንተ መቼ ነካኸኝ?»

«እባክህ፣ ጋሼ! አንድ ዓይን ነው ያለው! እሱም ተቀዶ የተጠገነ ነው። ብትመታው ይጠፋል!»

ግስላው እጁን እንዳነሣ ቀረ። መዶሻን ትኩር ብሎ አየው፤ አንዱን ዓይኑን፣ ከዚያ ሌላውን።

«'አሁን ድራማው ጀመረ' ይላሉ» አለ ካሜራ ያዡ።

«እውነት ነው?» አለ ግስላው። የጠየቀው ከልቡ ነበር። እጁም ትንሽ ወርዷል።

ጆንያ የወንድሙን አፍ ያይ ነበር። አዎ በል፣ ይለው ነበር በልቡ፤ አንዲት ቃል ናት፣ ከዚያ ወንድምህ አልሁን፣ ጥዬህም ልሂድ፣ ብቻ አዎ በል።

መዶሻ ሳቀ። «በሁለቱም አያለሁ። ታናሼ ፈሪ ስለሆነ ነው። ምታ።»

እጁንም ወደ ኋላ አጣምሮ ከግድግዳው ተላቀቀና ቆመ። ግስላው እግሮቹን አስተካከለ። በዚያች ቅጽበት ጆንያ ያሰበው ነገር ቢኖር የወንድሙን ቀኝ ጎን ብቻ ነበር፤ ጨለማውን ጎን። ማዕድ ላይ ሁልጊዜ በዚያ በኩል የሚቀመጠው እሱ ነው፤ መንገድ ሲሻገሩም በዚያ በኩል የሚሄደው እሱ ነው። ዛሬም በዚያ በኩል ሄደ። ሲመጣ መዶሻ አላየውም።

ሰው መትቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚመታ ግን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስንት ዓመት ፊት ለፊት ቆሞ ያየው ነገር ነው። ክንዱን ወደ ኋላ ሳበና ባለ በሌለ ኃይሉ ወንድሙን ከደረቱ በታች ሆዱ ላይ መታው። እጁ እስከ አንጓው ድረስ የገባ መሰለው። የመዶሻ አፍ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ጉልበቱ ታጠፈ፣ በጎኑ ወደቀ፤ ምንጣፉ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ዓሣ አየር ይፈልግ ጀመር። ከታች ሆኖ ታናሹን አየው። የተከዳ ሰው አስተያየት ነበር።

«ምን አደረግክ?» አለ ግስላው።

«ወድቋል» አለ ጆንያ። ከንፈሩ እየደማ ነበር። «የወደቀ አይመታም። ራስህ ብለሃል።»

ግስላው የወደቀውን አየ፤ ስልኩን አየ። አፍንጫው አብጦ ዓይኖቹን ሊዘጋቸው ደርሷል።

«አንተ ግን ቆመሃል» አለ።

የመጀመሪያው ቡጢ ጉንጩ ላይ አረፈ። ጆንያ ራሱን ማሸሽ ይችል ነበር፤ አንገቱ ሥራውን ሊሠራ ሲል ከለከለው። መውደቅም ይችል ነበር፤ ከመውደቅ በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ግን እሱ ከወደቀ ግስላው ወደ ማን እንደሚዞር ታውቆታል። ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ሁለተኛው ቅንድቡን ተረተረው፤ አዳራሹ በግማሽ ቀይ ሆነ። ሕመም እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ ሲያለቅስበት የኖረው ሁሉ ቀልድ ነበር።

«ውደቅ!» አለ ካሜራ ያዡ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ውደቅ እንጂ፣ አንተ ልጅ! በቃው በለው፣ አለቃ!»

ስልኩ ግን ከእጁ አልወረደም።

ሦስተኛው ጎድኑ ላይ ነበር። አንዳች ነገር ከውስጡ ቀጭ አለ። ጆንያ ደም በጋረደው ዓይኑ በኩል፣ ከበስተኋላው የትንፋሽ ድምፅ ሰማ። አየር የተመለሰለት ሰው ትንፋሽ ነበር። ምንጣፉ ላይ መዳፍ አረፈ፣ ጉልበት ተከተለ።

«ተኛ!» አለ ጆንያ ሳይዞር። «በእማዬ ሞት፣ ተኛ!»

ግስላው እንደገና እጁን ሰነዘረ።

መዶሻ ተነሥቶ በመሃላቸው ገባ። ቡጢው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ።