ሰም የነካው ክር

ቋጠሮው አልፈታ አላት።

አረንጓዴዎቹን እራፊዎች የያዘውን ጥቅል ጭኗ ላይ አድርጋ በጥፍሯ ብትለው፣ በጥርሷ ብትለው፣ ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት እራፊ እየቀጣጠለች ብርድ ልብስ ስትሰፋ ጥቅሎቿን የምታስረው በአንድ ዓይነት አስተሳሰር ብቻ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ፍትት የሚል። ይሄኛው ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ሦስት ጊዜ ተጠብቆ፣ ጭነት እንደሚታሰር ነው የታሰረው።

ማነው የነካው?

ፊት ለፊቷ ሦስት ካርቶኖች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ምራቷ ናት ትናንት ከሱቅ ለምና ያመጣቻቸው። በትልልቅ ፊደል "የሚቀር"፣ "የሚሰጥ"፣ "የሚጣል" ብላ ጽፋባቸዋለች። ምራቲቱ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ትንሿ የስፌት ክፍል ለሚወለደው ልጅ ትፈለጋለች፤ ስለዚህ የዕድሜ ልክ ጨርቅ ተመርጦ አንድ ሳጥንና አንድ ካርቶን ይቅር ተብሏል። ይህን በቃሉ ያለው ልጇ ነው፤ ባሏ ነገሩ ውስጥ አልገባም። ልጇ ግን ካገባ ወዲህ ከሚስቱ አፍ ያልወጣ ሐሳብ አስቦ እንደማያውቅ እናቱ ታውቃለች። "የሚጣል" የተባለው ካርቶን የሌሎቹን የሁለቱን ድምር እንደሚያክልም ልብ ብላለች። በአጋጣሚ ነው ይባል ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሰፈርተኛው ከኋላዋ "እትዬ ድሪቶ" ይላታል፤ ከፊቷ "እትዬ" ብቻ። ድሪቶ እያሉ አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁት ሴቶች ግን ልጃቸውን ሲድሩ ደጇን የሚያንኳኩት ቀድመው ነው። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ በሥራህ ይሞቀዋል፣ በስምህ ይስቃል።

ነገሩ ከሸተታት ዓመት ሊሞላው ነው። ነጩ ክር ከምትሰፋው በላይ ያልቃል። ትልቁ መርፌ ይጠፋና በሦስተኛው ቀን ቦታው ላይ ተኝቶ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ሳጥኑን መቆለፍ ጀመረች። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። የምታወልቀው ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ብቻ ነው፤ ደረቷን እየወጋ አያስተኛትም። ያኔም ቢሆን ትራሷ ሥር ነው የምታደርገው።

ጥቅሉን እንደታሰረ ወደ ጎን አኖረችና አንዲት የጥርስ ሐኪም ያዘዘችውን ብርድ ልብስ ከሳጥኑ አወጣች። ሐኪሟ ነገ ትወስደዋለች፤ ጫፉ ብቻ ነው የቀረው። ላዩ እራፊ፣ መሀሉ ጥጥ፣ ታቹ ገበር፤ ሦስቱን አንድ ላይ ወግቶ የሚይዘው የእጅ ስፌት ረድፍ ረድፉን ይወርዳል። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። አምፖሉ ደክሟል ትላለች ሁልጊዜ። ልጇ በዓመት ሦስት አምፖል ቀይሮላታል።

ዓይኗ ቢደክምም ጣቷ አይዋሽም። የትናንቱን ረድፍ ዳሰሰችው፤ የራሷ ነው። ያለፈውን ሳምንት ረድፍ ዳሰሰች። ጣቷ ቆመ። ስፌቱ እኩል ነው፤ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድሯል፤ ጠብቋል። በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ክሩ ሲጥ አለ። አፍንጫዋን አስጠጋች። ሻማ ሻማ ይላል።

እሷ በዕድሜዋ ክሯን ሰም ቀብታ አታውቅም። ጨርቅ ያቆሽሻል ብላ የምታምን ሴት ናት።

እንግዲህ ሌባ አይደለም የገባው። ሌባ ይወስዳል እንጂ አይሰፋም። ሥራዋ ውስጥ የሰው እጅ ገብቷል። እንዲህ የምታደርግ ሴት ደግሞ የምትፈልገው ጨርቁን አይደለም፤ ሙያውንና ደንበኛውን ነው። ምራቷ ትናንት ጓሮ ቆማ ከሐኪሟ ጋር በስልክ ስትንሾካሾክ ሰምታታለች፤ አማትየዋ ብቅ ስትል ነው ወሬው የተቋረጠው። አሁን ሁሉም ገጠመ። ክፍሉ፣ ካርቶኑ፣ ስልኩ።

"ነይ እስቲ" ብላ ተጣራች።

ምራቷ ወገቧን ደግፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። "እማማ፣ ሞላ እንዴ ካርቶኑ?"

"አንዱም አልሞላ። ትልቁ እንዲሞላ ነው መሰለኝ የቸኮልሽው።"

"የቱ ትልቁ?"

"የሚጣል ያልሽው።"

ምራቲቱ ካርቶኑን አየት አደረገችው። "የቴሌቪዥን ካርቶን እኮ ነው እማማ። ባለሱቁ ሌላ የለኝም ብሎኝ ነው።"

"ተቀመጪ። ይህን መርፌ ክር አስገቢበት።"

ምራቲቱ ግራ ገብቷት ተቀመጠች፤ ክሩን በምራቋ አሹላ ባንድ ጊዜ አሾለከችው። አማትየዋ በሆድዋ ይኸው አለች። እሷ ራሷ ክር ለማስገባት ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ሁለት እራፊ ደራርባ ሰጠቻትና አንድ ረድፍ ስፊ አለቻት። ልጅቷ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ከሆዷ በላይ እንደምንም እያየች ሰፋች። ሲያልቅ ላሳይ ብላ ከፍ ስታደርገው ቀሚሷም አብሮ ተነሣ። እራፊውን ከቀሚሷ ጋር ሰፍታዋለች።

ሁለቱም ቀሚሱን አዩት።

"እማማ፣ ከሸሚዜ ቁልፍ ሲበጠስ እንኳ የሚሰፋልኝ ልጅዎ ነው" አለች ምራቲቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እንዳትናገሪ ብሎኝ ነው።"

አማትየዋ ትንሿን መቀስ አንሥታ ቀሚሱን ከእራፊው ማላቀቅ ጀመረች። እንዲህ ዓይነት ስፌት ሰው ቢከፈለው እንኳ አስመስሎ አይሰፋውም። ጥርጣሬ ግን አንዴ ከተቀመጠበት ወንበር በቀላሉ አይነሣም።

"ታዲያ ከሐኪሟ ጋር ጓሮ ቆመሽ የምትንሾካሾኪው ምንድን ነው?"

ልጅቷ ቀሚሷን እያየች፣ እያመነታች ተናገረች። ሐኪሟ የደወለችው ይሄኛውስ እንደ በፊቱ አይሆንም ወይ ብላ ለመጠየቅ ነው። ዓምና የወሰደችው በመጀመሪያው እጥበት ተበትኖባት ነበር። ረድፉ ተንሻፎ፣ መርፌው ጥጡን ሳይዝ እያለፈ፣ ጥጡ አንድ ጥግ ላይ ተከማችቶ። የእሷ ብቻም አይደለም፤ ከእሷ ቀድሞ የአንዲት ሙሽራም ተመልሷል።

"ተመልሷል?" መቀሱ ቆመ። "ማን ተቀበለው?"

"አባባ።"

"ምን አደረገው?"

"እኔ አላየሁም እማማ።"

"አይተሻል።"

ምራቲቱ ተነፈሰች። "ተርትረው እንደገና ሰፍተው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲህ የተመለሰ የለም። እርስዎ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው ማንኮራፋት ሲጀምሩ ነው የሚነሡት።"

"እኔ አላንኮራፋም።"

"እሺ እማማ።"

ልጅቷን ሂጂ እረፊ ብላ አሰናበተቻት። ብቻዋን ስትቀር ሳጥኑን እስከ ታች ገለበጠችው፤ ዚፑን፣ ላስቲኩን፣ የዳንቴሉን ቁርጥራጭ፣ ዝገት የበላውን የመርፌ ቆርቆሮ። ከሁሉም ሥር አንድ የወንድ ካልሲ ነበር። ውስጡ የሻማ ቁራጭ አለ፤ ጎኑ ላይ ክር ደጋግሞ ያለፈበት ጎድጓዳ መስመር ተስሎበታል። ከሻማው ጋር ደግሞ የቡጢ ያህል የክር ድብልብል። ነጭ ነው፤ ሰም የለበትም፤ በትንንሹ የተኮማተረ፣ አንዴ ተሰፍቶ የተተረተረ ክር። የእሷ ክር ነው። የዓመት ስፌቷ።

ባሏ አርባ ዓመት የመኪና ወንበር ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው። ቆዳ የሚወጋ ክር ሻማ ላይ እየተሳበ ነው የሚሰፋው፤ የወንበር ስፖንጅም እንደ ጭነት ነው የሚታሰረው። ይህን እንዴት ዓመት ሙሉ ሳታስበው ቀረች? ሳታስበው የቀረችው በሌላ ምክንያት ነው። ከተጋቡ ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ አንድ የሚያስቸኩል ሥራ ደርሶባት ሲያይ ላግዝሽ ብሎ መርፌ አንሥቶ ነበር። እሷ ከእጁ ቀማችው። "ተው፣ ይሄ የታክሲ ወንበር አይደለም" አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቹ "ወንበሩ" እያሉ ይጠሩታል፤ እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። እሷ ማታውኑ ረሳችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውየው ከዚያ ወዲህ በሷ ፊት መርፌ ነክቶ አያውቅም።

ሻማው ገባት። ድብልብሉ ግን አልገባትም። ለበጎ ብሎ የሚተረትር ሰው የተተረተረውን ይጥላል። እየጠቀለለ የሚያስቀምጥ ሰው የሚጠብቀው ቀን አለው። ቀኑም ነገ ይሆናል። ሐኪሟ ትመጣለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ብርድ ልብሱ ተዘርግቶ እሰይ የእትዬ እጅ ሲባል ወንበሩ ከኪሱ ድብልብሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። የእትዬ እጅስ ይህቺ ናት ይላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ቡጢ ክር ይፈርሳል።

ሻማውን በእጇ ጨብጣ ወደ በረንዳ ወጣች።

ባሏ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የአሮጌ ጫማ ሶል ይፍቃል። ቀና አላለም።

"ሻማ ስፈልግ ነበር" አለችው።

"መብራት ጠፋ እንዴ?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ሻማ ምን ያደርግልሻል?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።"

እጁ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ጫማውን መፋቁን ቀጠለ። አውራ ጣቱን አየችው። ጫፉ ላይ የመርፌ ነጥቦች አሉ፤ አንዳንዱ የቆየ፣ አንዳንዱ የሰሞኑ። አርባ ዓመት በወፍራም መርፌ የሠራ እጅ ቀጭኗን ሲለምድ እንዲህ ይሆናል። ዓመት ሙሉ ዳቦ ሲቆርስላት ይህን ጣት ልብ አላለችውም።

"ነገ ሐኪሟ ትመጣለች" አለች።

"ሰምቻለሁ።"

"የምትነግራት ነገር ይኖርሃል?"

"እኔ?" አሁን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም የለም፤ የቆየ ነገር ግን አለ። "እኔ ምን አውቃለሁ። የታክሲ ወንበር ሰፊ ነኝ።"

ቃሉ ያኔ ከአፏ እንደወጣ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት፣ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ልበል ብትል ስለ የትኛው ትበል፤ ክሩን ለምን ጠቀለልከው ብትል ደግሞ የተተረተረው ስፌት የኔ ነው ብሎ ማመን ነው። ሰውየው ጫማውን እየፋቀ፣ ለጫማው የሚናገር ይመስል፣ "ጫፉ ቀርቷል አይደል?" አለ።

"ቀርቷል።"

"የትናንቱ ረድፍም" አለና አቆመ።

"የትናንቱ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሦስቱ ካርቶኖች እንደ ተከፈቱ ናቸው። ብርድ ልብሱን አንሥታ የትናንቱን ረድፍ እንደገና ዳሰሰችው፤ አሁን ቸኩላ ሳይሆን ስፌት በስፌት። ሦስተኛው ላይ መርፌው ገበሩን ስቷል። ሰባተኛው ላይም። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተወችው።

አልፈታ ያላትን የአረንጓዴ ጥቅል እንደታሰረ "የሚቀር" ውስጥ ከተተችው። ሻማውንም እዚያው። ድብልብሉን "የሚጣል" ካርቶን ላይ ይዛው ቆየች። ብትጥለው ማስረጃው ይጠፋል፤ ባሏ ነገ ምን እንደሚናገር ደግሞ አታውቅም። እጇ ግን አልተፈታም። መልሳ ካልሲው ውስጥ ጨምራ ከሻማው አጠገብ አኖረችው።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ሳጥኑ ውስጥ አጠፈችው፤ የትናንቱ ረድፍ ከላይ እንዲሆን አድርጋ። ከአንገቷ ቁልፉን አወለቀች። ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ከነክሩ እዚያው ሳጥኑ ላይ ተወችው።

በበረንዳው በኩል ስታልፍ፣ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ልጋደም ነው" አለች።

"ገና አራት ሰዓት አልሞላም እኮ" አለ ባሏ።

"ደከመኝ።"

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ አልዘጋችውም። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኛች። የጫማው ፍቀት አሁንም ይሰማል። ሰውየው አልተነሣም፤ እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ገባት።

ዓይኗን በሩ ስንጥቅ ላይ እንደ ተከለች ማንኮራፋት ጀመረች።