የጎረቤት ፍርድ

ለጤና ጣቢያዎች መድኃኒት በሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት አንዲት የስታትስቲክስ ባለሙያ አለች፤ «ዳኛዋ» ይሏታል። ስሙን ያተረፈላት የጻፈችው ፕሮግራም ነው። በየወሩ የመቶ አርባ ጤና ጣቢያዎችን ሪፖርት አንብቦ «ይላክ» ወይም «በቂ» ብሎ ይፈርዳል። እንዲህ ሲሏት ደስ አይላትም ማለት ውሸት ነው።

ፍርዱ የሚቀመጠው ፕሮግራሙ ውስጥ ባለ፣ ማክሮ በሚባል፣ ስም በተሰጠው ትንሽ ቦታ ነው። የቀረው ክኒን ከሠላሳ ቀን በታች የሚያቆይ ከሆነ ማክሮው «ይላክ» የሚለውን ይይዛል፤ ሠላሳና ከዚያ በላይ ከሆነ «በቂ»። ይኸው ነው፣ ምንም የሚያወላዳ ነገር የለውም።

አንድ ቀን ጠዋት አዲሱ አለቃ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይሁን አሉ። ደረደረችና ፕሮግራሙን አስኬደችው። ሦስት ወር ሙሉ «በቂ» ሲባል የከረመው ታላቅ እህቷ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ «ይላክ» ሆኖ ወጣ። አንድም ቁጥር አልነካችም፤ የነካችው ተራውን ብቻ ነው።

ድንግጥ አለች። የእህቷን መስመር ብታየው ባዶ ነው። እዚያ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወዲህ ሪፖርቱ በወረቀት ይመጣል፤ ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባ ግን የለም። ቁጥር ከሌለ ከሁለቱ ሁኔታዎች አንዱም አይሟላም፤ ማክሮውም የለወጠው ስለሌለ ከላይ ያለውን የጎረቤቱን ፍርድ እንደያዘ ይወርዳል። እስከ ትናንት ከእህቷ በላይ የተጻፈው ምንም የማይጎድልበት ትልቁ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ ግን ክኒን ያለቀበት ሆነ።

እህቷ ነርስ ናት። የደም ግፊት ክኒን ሊያልቅብኝ ነው፣ ያለችኝን ለሁለት እየገመስኩ ነው የምሰጠው ብላ ደውላ ነበር። ዳኛዋ ታዲያ ምን አለቻት? ኮምፒዩተሩ በቂ አላችሁ ይላል አለቻት፣ ያውም ኮራ ብላ። ብዙም ሳይቆይ እህቷን በቂ የተባለውን መድኃኒት የት አደረሽው የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

ማስተካከያው ሁለት መስመር ብቻ ፈጀ። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ በተደረሰ ቁጥር ማክሮው መጀመሪያ ባዶ ይሁን፤ ቁጥር ከሌለ «ይደወል» ይባል። እንደገና ስታስኬደው ዐሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች «ይደወል» ሆኑ።

ድምፅ ሳታሰማ መድኃኒቱን ብታስልክ ማንም አያውቅባትም፤ ሐሳቡ አልፈተናትም አይባልም። ግን በእህቷ ላይ የተጻፈው ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ እንደተቀመጠ ሊቀር ነው። አለቃዋ ቢሮ ገብታ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። እሳቸውም በጽሑፍ አምጪው አሏት። ጻፈች፣ ፈረመች።

ከዚያ ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በጽሑፍም አስገብቻለሁ። መድኃኒቱ ነገ ይደርስሻል።»

ከወዲያ የበሽተኞች ጫጫታ ይሰማል።

«የእኔ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አይ፣ ሌሎች ዐሥር አሉ።»

«ደወልሽላቸው?»

«ካንቺ ልጀምር ብዬ ነው።»

«እኔ ቢሮው ውስጥ እህት እያለችኝ ሦስት ወር ጠበቅኩ» አለች እህቷ። «እነሱ ማን አላቸው? በይ ስልኩን ዝጊና ደውዪላቸው።»